ከቡሬ እስከ ማግኔቱ ክፍል፦ በኤም አር አይ ምርመራ ጊዜ ሕሙማንን ስለ መከታተል የተጻፈ አንድ ሰነድ ሲመዘን

የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በኤም አር አይ ምርመራ ጊዜ ስለሚሰጥ የሰመመን አገልግሎት ያዘጋጀውን የአሠራር ምክር እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትሞ በ2015 አሻሽሎ አውጥቷል። ሕመምተኛ በማግኔቱ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ሳለ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ አተነፋፈሱ፣ የሰውነቱ ሙቀትና በደሙ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠን እንዴት ያለ ጉዳት ሊታዩ እንደሚችሉ ከሚያስረዱ ጽሑፎች መካከል ይህ በስፋት የሚጠቀስ ነው። ለሆስፒታሉ የአሠራር ደንብ ሊያረቅ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ባለሙያም ወይ ይህንን፣ ወይ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እያሻሻለ የሚያወጣውን የኤም አር አይ ደህንነት መመሪያ ከፊቱ ማስቀመጡ አይቀርም። ሰነዱ ለተጻፈበት አገር በቂ ሊሆን ይችላል። ለኢትዮጵያ ሕመምተኛ ምን ያህል ይበቃል ቢባል ግን፣ ጥያቄው ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲመዘንና ከቡሬ ሆኖ ሲመዘን መልሱ አንድ አይደለም።

ቡሬ ሲባል አብዛኛው አንባቢ የጎጃሟን ቡሬ ያስታውሳል። እዚህ የምትጠቀሰው የኢሉባቦሯ ናት፤ ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው፣ የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሮ ወደብ ሲወርድ ነጋዴ ያልፍባት የነበረችው ቡሬ። በቡሬ የኤም አር አይ ማሽን የለም። የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን የተጠራጠረውን በሽታ ጽፎ ሕመምተኛውን ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይልካል፤ የመቱ ሐኪም መርምሮ የአንጎል ወይም የአከርካሪ ምስል እንደሚያስፈልግ ሲያምን ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው አዲስ አበባ ይቀጥላል። በዚህ ጉዞ መጨረሻ ላይ በማሽኑ ደጃፍ የሚቆመው ባለሙያ ስለ ሕመምተኛው የሚያውቀው አንድ ገጽ የሪፈራል ወረቀት የነገረውን ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካው ሰነድ ይህንን ርቀት አያውቀውም። የሚያነሡትን ክፍተቶች ከማየት በፊት ግን ሰነዱ በትክክል የያዛቸውን ነገሮች ማየት ፍትሐዊ ነው።

ሰነዱ የያዘው

ስለ ኤም አር አይ በጤና ባለሙያው ዘንድ ሳይቀር የሚደጋገም አባባል አለ፤ «ጨረር ስለሌለው ጉዳት የለውም» የሚል። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙበት ዓይነት ጨረር አለመኖሩ እውነት ነው። ጉዳት የለውም የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም። በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራው 1.5 ቴስላ ማግኔት ከመሬት ተፈጥሯዊ የማግኔት ጉልበት በ30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ የሚሠራ ማግኔት ደግሞ ምርመራ ሲያበቃ አይጠፋም፤ ሌሊት አይጠፋም፤ መብራት በሄደ ጊዜም አይጠፋም። መብራት መጥፋት የዕለት ገጠመኝ በሆነበት አገር ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለጽዳት ሠራተኛው፣ ለጥበቃውና ለኤሌክትሪክ ጠጋኙ ሳይቀር መነገር አለባት። ማሽኑ ጸጥ ብሎ፣ ክፍሉም ጨልሞ ያየ ሰው ኃይሉ አብሮ የጠፋ ይመስለዋልና።

አደጋው በተግባር የታየው ብዙ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት በቫልሃላ በሚገኝ ሆስፒታል የስድስት ዓመት ልጅ የማስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶት ምርመራ ላይ ሳለ የኦክሲጅን አቅርቦቱ ተጓደለ፤ ኦክሲጅን ይምጣ ሲባል ወደ ክፍሉ የገባው የብረት ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ልጁን መትቶ ገደለው። በዚህ አደጋ ውስጥ ግዴለሽ ሰው መፈለግ አይገባም። ኦክሲጅን የጠየቀውም ያቀበለውም ልጁን ለማዳን ነበር የተሯሯጡት። በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ በሙምባይ ከተማ አንድ የ32 ዓመት ሰው፣ የታመመ ዘመዱን ሊያስመረምር መጥቶ፣ የኦክሲጅን ሲሊንደር ይዞ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሞተ። ሐኪም አልነበረም፤ አስታማሚ ነበር። ሲሊንደር፣ ጀሪካንና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሮጠው አስታማሚ በሆነባቸው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ይህ ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊነበብ አይችልም። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ምርመራዋን የጨረሰች ባለቤቱን ሊያነሣ የገባ የ61 ዓመት ሰው በአንገቱ ባሠረው ከባድ ሰንሰለት ምክንያት ወደ ማሽኑ ተስቦ ሕይወቱ አልፏል።

የአሠራር ምክሩ ከእነዚህ ዓይነት ሞቶች የተማረውን በግልጽ ይናገራል። የልብ ሥራ ያቆመን ሰው ማግኔቱ ባለበት ክፍል ውስጥ ለማትረፍ መሞከር አይገባም፤ ደረት መግፋቱ እየተጀመረ ሕመምተኛው ወዲያው ከክፍሉ ይወጣል፤ በአቅራቢያው አስቀድሞ ወደ ተሰናዳ፣ ኦክሲጅን፣ መምጠጫ፣ መድኃኒትና መከታተያ ወዳለበት ስፍራ ይወሰዳል። ላሪንጎስኮፕ፣ መቀስ፣ ስቴቶስኮፕ ይዞ ወደ ውስጥ መሮጥ ከአንድ ተጎጂ ሁለት ተጎጂ ያደርጋል። ማግኔቱን በድንገት ማጥፋትም መፍትሔ አይደለም፤ ኃይሉ እስኪወርድ ጊዜ ይፈጃል፣ የሚተነው ሂሊየምም በትክክል ካልወጣ በክፍሉ ያለውን አየር ይተካዋል። ሰነዱ ሐኪሙ የት እንደሚቆም፣ መከታተያው የት እንደሚቀመጥ፣ ሕመምተኛው በምን በኩል እንደሚወጣ ከምርመራው በፊት ስምምነት ላይ ይደረስ ማለቱም ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በየትም ቦታ ሊሠራ የሚችል ምክር ነው። አዘጋጆቹ ለብዙዎቹ ምክሮቻቸው በቂ ጥናት እንደሌለና በባለሙያዎች አስተያየት ላይ እንደተመሠረቱ አለመደበቃቸውም የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን ያህል ሐቀኛ ሰነድ ብዙ አይገኝም።

መከታተያዎቹ በማግኔቱ ውስጥ

የሰነዱ ልብ ያለው መከታተያዎችን በተመለከተው ክፍል ነው፤ ትልቁ ጉድለትም እዚያው ይገኛል። ምክሩ በሰመመን ክፍል የሚደረገው መሠረታዊ ክትትል በኤም አር አይ ክፍልም አይቀነስ ይላል፤ መሣሪያዎቹ ለማግኔት ክፍል ተፈትነው የተፈቀዱ ይሁኑ፣ ባለሙያውም የመሣሪያዎቹን የአቅም ወሰን ይወቅ ይላል። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ መሣሪያ በማግኔቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያላየ ባለሙያ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ በሥራው ላይ የሚለውጠው ነገር አይኖርም።

ኢሲጂን ማየት ይቻላል። ደም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፈሳሽ ነው፤ በብርቱ ማግኔት ውስጥ በታላቁ የደም ቧንቧ ሲፈስ በራሱ ጥቂት ቮልቴጅ ያመነጫል። ያም ቮልቴጅ በኢሲጂው ላይ ይደረብና የቲ ሞገድ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴም የኤስ ቲ ክፍል የተዛባ መስሎ ይታያል። ማግኔቱ በበረታ ቁጥር መዛባቱ ይብሳል። ስለዚህ በማግኔቱ ውስጥ ያለ ኢሲጂ የልብ ምትንና የምቱን ሥርዓት ለመቁጠር እንጂ የልብ ጡንቻ ደም ማጣቱን ለመፍረድ አያገለግልም። ሰነዱ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል፤ ለጀማሪ ባለሙያ ግን አንድ ምስል ቢያሳይ በጠቀመ ነበር።

የኢሲጂ ገመዶች የሚያስከትሉት አደጋ ከንባባቸው መዛባት ይከፋል። ማሽኑ ምስል ለማንሣት የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ቀለበት ከሠራ ወይም ባዶ ቆዳ ላይ ከተጋደመ ቆዳውን ያቃጥላል። ተራ የጣት ኦክሲሜትር በኤም አር አይ ምርመራ ጊዜ ጣትን ክፉኛ ማቃጠሉ በሕክምና መጽሔት ከተዘገበ ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። ለማግኔት ክፍል የሚሠራው ኦክሲሜትር በሽቦ ፈንታ ብርሃንን በኦፕቲካል ፋይበር የሚያመላልስ ነው። ገመዶች ቀጥ ብለው በዋሻው መሐል እንዲያልፉ፣ እርስ በርስ እንዳይሻገሩ፣ ከቆዳው በደረቅ ጨርቅ እንዲለዩ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ ገመድና ኮይልም ጨርሶ ከዋሻው እንዲወጣ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። እጅን በእጅ ማያያዝ ወይም ባዶ ጭን ለጭን መነካካት ራሱ ሰውነትን ቀለበት ሊያደርገው ይችላል። ነቅቶ ያለ ሰው «አቃጠለኝ» ብሎ የተሰጠውን መጥሪያ ይጫናል። የተኛ ሕፃን ወይም ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ግን እንዲህ ማለት አይችልም። ቃጠሎው የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አተነፋፈስ። ሰው በዋሻው ውስጥ ሲገባ ደረቱ መነሣት መውረዱን ከውጭ ሆኖ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ የማሽኑ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ስለሚችል የትንፋሽ ድምፅም፣ የመከታተያው የማስጠንቀቂያ ድምፅም አይሰማም። በዚህ ላይ ኦክሲጅን እየተሰጠው ያለ ሕመምተኛ ትንፋሹ ቢደክም ወይም ቢቋረጥ ኦክሲሜትሩ ወዲያው አይናገርም፤ በሳንባው የተጠራቀመው ኦክሲጅን እስኪያልቅ ቁጥሩ መልካም ሆኖ ይቆያል። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ብዙ ደቂቃ አልፎ ሊሆን ይችላል። የትንፋሽን መቋረጥ ቀድሞ የሚያሳየው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ነው። እርሱም በማግኔት ክፍል ረጅም ቱቦ ስለሚያስፈልገው ንባቡ በጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል፤ የሰከንዶች መዘግየት ግን ከደቂቃዎች ዝምታ ይሻላል። የአሠራር ምክሩ ካፕኖግራፍን መደገፉ ትክክል ነው። ካፕኖግራፍ ከሌለስ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሰጥም፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል ብሎም ያሰበ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ይነሣል። በላይፍቦክስ በኩል ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች የተሰራጩት ኦክሲሜትሮች የብዙ ሰው ሕይወት የሚጠበቅባቸው መልካም መሣሪያዎች ናቸው፤ የተሠሩት ግን ለማግኔት ክፍል አይደለም፤ ባትሪ፣ ብረትና የብረት ገመድ አላቸው። «ቢያንስ ይቺን ላድርግለት» የሚል ቅን አሳብ ያለው ባለሙያ ይዟት ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዓለም አቀፍ የምልክት ደረጃ አረንጓዴ ካሬ ያለበት ዕቃ በማንኛውም ማግኔት ክፍል እንደሚገባ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበት በተጻፈለት ቅድመ ሁኔታ ብቻ እንደሚገባ፣ ቀይ ክብ የተሠረዘበት ፈጽሞ እንደማይገባ ይወስናል። ምልክት የሌለው ዕቃ እንደ ቀይ መቆጠር አለበት። ቢጫው የሚያሳስት ምልክት ነው፤ ለ1.5 ቴስላ የተፈቀደ መከታተያ በ3 ቴስላ ክፍል ውስጥ ያው መከታተያ አይደለም፤ ከማግኔቱ የተወሰነ ርቀት ላይ ታስሮ ሊቀመጥ ታዝዞለት ከሆነም ያለ ማሰሪያው ወደ አደጋነት ይለወጣል።

ስለዚህ የሰነዱ ዝምታ ባለበት ቦታ አንድ ቁርጥ ያለ ቃል ያስፈልጋል። ለማግኔት ክፍል የተፈቀደ ኦክሲሜትርና የአተነፋፈስ መከታተያ በሌለበት፣ በሥራው ላይ ብቻ ዓይኑን የሚጥል አንድ የሠለጠነ ሰው በሌለበት፣ ድንገተኛ ላልሆነ ምርመራ የማስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶ ወደ ማግኔቱ መግባት የለበትም። ጨቅላ ሕፃን ከጠባ በኋላ ተጠቅልሎ በተፈጥሮ እንቅልፉ ሊመረመር ይችላል፤ ከፍ ያለ ልጅ የማሽኑን ድምፅ አስቀድሞ ሰምቶ፣ ወላጁም ተፈትሾ አጠገቡ ቆሞለት ያለ መድኃኒት ሊተኛ ይችላል፤ ለአንዳንዱ ጥያቄም ሲቲ ስካን መልስ ይሰጣል።

ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ከቡሬ የመጣ ቤተሰብ «ዛሬ አይሆንም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያው ያውቀዋል። ለጉዞው ከብት ተሽጦ ይሆናል። የአልጋ ኪራይ በየሌሊቱ ይቆጠራል። ለወረፋው ሳምንታት ተጠብቆ ይሆናል። አባት እጁን አጣምሮ «እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ይለቅልን» ሲል የባለሙያው ልብ ይላላል፤ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመራል፤ ተራ ኦክሲሜትር ከበሩ ውጭ ይቀራል፤ ልጁ ያለ ምንም መከታተያ ይገባል። በሀብታም አገር የተጻፈ የአሠራር ምክር ስለ ክፍሉ አቀማመጥ፣ ስለ መሣሪያውና ስለ ሥልጠናው ብዙ ይላል፤ ደግ ሰው በርኅራኄ የሚሠራውን ስሕተት ግን ያላየው ይህን ድህነት ስላላየ ነው። ከቡሬ ለሚመጣ ሕመምተኛ የቀጠሮው ሥርዓት ራሱ የደህንነት ጉዳይ ነው፤ ልጁ ማስተኛ ያስፈልገው እንደሆነ፣ የተሟላ መከታተያም በየትኛው ቀን እንደሚኖር መቱ ሳለ በስልክ ቢታወቅ አባት ደጅ ላይ ቆሞ አይለምንም ነበር።

ሰነዱ የሚናገረው ለሰመመን ሐኪም መሆኑም አንድ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የሰመመኑን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከሙት ሐኪም ያልሆኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ እነርሱም በቀዶ ሕክምና ክፍል ተይዘው ከሆነ በማግኔቱ ደጃፍ የሚቀሩት ነርስና የራዲዮግራፊ ባለሙያ ናቸው። የራዲዮግራፊ ባለሙያው ዓይኑ ምስሉ ላይ ነው፤ ምስልና ትንፋሽ በአንድ ዓይን አይጠበቁም። ምክሩ «ሐኪሙ» ባለበት ቦታ ሁሉ የአገር ውስጥ ደንብ አርቃቂው ማን እንደሆነ በሥራ መደብ ስም መጻፍ ይኖርበታል።

ስለ ኦክሲሜትር አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ በ2015 እትም ሊጠቀስ የማይችል ቢሆንም ዛሬ ሊዘለል አይገባም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ኦክሲሜትር መልካም ቁጥር እያሳየ በደም ምርመራ የኦክሲጅን ማነስ የሚገኝበት አጋጣሚ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከጋምቤላ አካባቢ በቡሬ በኩል የሚወጣ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ሲደርስ ቁጥሩ ጥቂት ነጥብ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። በመሠረት የተለካ ቁጥር ከሌለ በማግኔቱ ውስጥ የታየው 91 ከከፍታው ነው፣ ከበሽታው ነው ወይስ ከመድኃኒቱ የሚለውን ለመለየት የሚያስችል መነሻ አይኖርም።

ወረቀቱ

የአሠራር ምክሩ የሕመምተኛውን አደጋዎች ለማወቅ ሐኪሙ ሕመምተኛውን፣ ላኪውን ሐኪምና ራዲዮሎጂስቱን ያነጋግር ይላል። «ላኪውን ሐኪም ያነጋግር» የሚለው ቃል ላኪው በዚያው ሕንፃ ወይም በስልኩ ጫፍ እንዳለ የሚያስብ ነው። የቡሬው ጤና መኮንን ግን በሁለት ሪፈራል በኩል የራቀ ሰው ነው። የሚያሳዝነው፣ ማግኔቱ የሚጠይቃቸውን ብዙዎቹን ጥያቄዎች መመለስ የሚችለው እርሱ መሆኑ ነው።

«ብረት አለብህ?» የሚለው ጥያቄ ይታይ። ይህ በአዲስ አበባ ደጃፍ በአማርኛ ሲጠየቅ፣ በኢሉባቦር ላደገና አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ሰው መጀመሪያ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ «ሲቢላ» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰውን ላያገኘው ይችላል። ቀጥሎም የትርጉም ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ «ብረት» ማለት መሣሪያም ማለት ነውና አንድ ገበሬ ጠመንጃ ይዟል ተብሎ የተጠየቀ መስሎት በፍርሃት «የለኝም» ሊል ይችላል። ከዓመታት በፊት የተመታው ጥይት በትከሻው ውስጥ መኖሩን ከዚህ ጥያቄ ጋር አያገናኘውም። ብረታ ብረት ቤት ሲፈጭና ሲበይድ የኖረ ጎልማሳ በዓይኑ ውስጥ የቀረች ፍንጣሪ መኖሯን ላያውቅ ይችላል፤ ፍንጣሪዋ ግን በማግኔቱ ውስጥ ተንቀሳቅሳ ዓይኑን ልታጠፋ ትችላለች። የእግሩ አጥንት ተሰብሮ በውስጡ የብረት ዘንግ የገባለት ሰውም ዘንጉ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ይዞ አይመጣም፤ ይህ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራውን የማይከለክል ቢሆንም፣ መኖሩ ሳይታወቅ መግባት ግን አይገባም። ጠባሳውን ያየው፣ ሥራውን የሚያውቀው፣ ምናልባትም ያኔ ቁስሉን ያሰረለት የቡሬው ባለሙያ ነው።

ከሚለበሰውም እንዲሁ። በመቀነት የተቋጠረ ሳንቲም፣ በሕፃን ልብስ የተሰካ መርፌ ቁልፍ፣ በማተብ ላይ ያለ መስቀል፣ በልብስ ሥር በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ በክንድ ያለ አምባር። ክታብን «አውልቂ» ማለት ለአንዳንዷ እናት የልጇን ጠባቂ ማውለቅ ስለሆነ ትደብቀዋለች እንጂ አትጣላበትም። ይህንን በደጃፍ ቆሞ የሚጣደፍ ባለሙያ አያገኘውም። በአንጻሩ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያስገቡት ኢምፕላኖን፣ ብረት ስለሌለው ምርመራውን አይከለክልም፤ በስሕተት ተፈርቶ ቀጠሮ የሚሠረዝበት ምክንያት የለም።

የልብ ምት መቆጣጠሪያን በተመለከተ የ2009ኙ እትም በጥቅሉ ክልክል ብሎ ያስቀመጠው ዛሬ እንደዚያ አይነበብም፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅድመ ሁኔታ ወደ ማግኔቱ እንዲገቡ የተፈቀዱ መሣሪያዎች አሉ። ይህም ቢሆን የመሣሪያውን ስምና ሞዴል የሚያሳይ ካርድ ከሌለ የማይጠቅም ዕውቀት ነው።

አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ትታሰብ፤ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ በየቀኑ ፌኖባርቢታል የምትወስድ፣ ለአንጎል ምስል የተላከች። ፌኖባርቢታል ራሱ የሚያስተኛ መድኃኒት ነው፤ ዲያዜፓም ወይም ሌላ ማስተኛ ሲጨመርበት ትንፋሽን ይበልጥ ያደክማል። ሪፈራሉ መድኃኒቱንና መጠኑን ካልያዘ በማግኔቱ ደጃፍ የሚሰጣት መጠን በባዶ ሜዳ ላይ የተሰላ ይሆናል። ክብደቷ ካልተጻፈ በግምት ይሰላል። ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራ ጠዋት በልታ ከሆነ ማስታወክ ያሰጋታል፤ ምግብ ከበላች 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ፈሳሽ ከጠጣች 2 ሰዓት ማለፍ አለበት። «ጠዋት ባዶ ሆዷን ትምጣ» የሚለው ትእዛዝ በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሞ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የቀረች ልጅ የደም ግፊቷ ቀድሞ ዝቅ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

ምርመራው ካለቀ በኋላም ሰነዱ የሚለው በሌላ ስፍራ የሚደረገው የማገገሚያ ክትትል ይደረግ ብቻ ነው። ክሎራል ሃይድሬት በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ንጥረ ነገር ለብዙ ሰዓታት ይቆያል፤ በጨቅላዎች ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በልጆች ላይ በማስተኛ መድኃኒት የደረሱ ጉዳቶችን የመረመረ ጥናት፣ ጥቂቶቹ የደረሱት ከሆስፒታል ከተለቀቁ በኋላ በመኪና ውስጥና በቤት መሆኑን ገልጿል። እዚያ መኪናው ለጥቂት ደቂቃዎች የሚነዳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቱ የሚሄደው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፤ ልጅቷም በእናቷ ጭን ላይ አንገቷ ታጥፎ ትተኛለች። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ማስተኛ የተሰጠው ልጅ በዚያው ቀን ለአውቶቡስ ጉዞ መለቀቅ አይገባውም፤ እናቱም ለምን እንደሚያድር በቋንቋዋ ሊነገራት ይገባል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አዲስ ማሽን አይደለም። በሪፈራሉ ወረቀት ጀርባ የሚሞላ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ በቡሬ የተለካ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ ሙቀትና የኦክሲጅን መጠን፣ ከተለካበት ቀንና ቦታ ጋር፤ ክብደት፤ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ስምና መጠን፤ ያለፈ ቀዶ ሕክምና፣ ስብራት፣ የጥይት ወይም የፍንጣሪ ጉዳት፤ በብረት ሥራ መኖር አለመኖሩ፤ ተጠራጣሪ ከሆነም በመንገዱ ላይ ኤክስሬይ እንዲነሣ የሚል ማሳሰቢያ፤ ሕመምተኛው የሚናገረው ቋንቋ፤ የላኪው የስልክ ቁጥር። የመቱ ሐኪም ይህንኑ አይቶ ልጁ ያለ መድኃኒት ይተኛ እንደሆነ ይጨምርበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡሬ የሚመለሰው መልስም የምስሉን ውጤት ብቻ ይዞ ይመጣል፤ በዕለቱ የተሰጠው ማስተኛ ስሙ፣ መጠኑና የተሰጠበት ሰዓት፣ በዋሻው ውስጥ ሳለ የታየው ዝቅተኛ የኦክሲጅን ቁጥር፣ በቆዳው ላይ የቀረ የቃጠሎ ምልክት ካለም እርሱ፣ በዚያው ወረቀት ቢጻፉ ጤና መኮንኑ በማግስቱ እናትየው «ልጄ አልነቃ አለ» ብላ ስትመጣ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።